ዘምተው ያልተመለሱ የመንደራችን ልጆች

እንግሊዝ አገር ትንሽ መንደር ውስጥ ሲያልፉ እንኳ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወይም መንገድ ዳር የድንጋይ መስቀል ይታያል። እግሩ ሥር የተቀረጸው ከ1914 እስከ 1918 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተደረገው ጦርነት የሞቱ የመንደሩ ልጆች ስም ነው። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሟቾች ከታች ተጨምረዋል። ብዙ ቦታ ስሞቹ ማዕረግ ሳይለይ በፊደል ተራ ተደርድረዋል፤ የባለመሬቱ ልጅ ከአራሹ ልጅ ጎን ነው። በየዓመቱ በኖቬምበር ሁለተኛ እሑድ ሰው ቀይ የወረቀት አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ ይሰበሰባል። ስማቸው ይጠራል፤ ልክ 5 ሰዓት ላይ ለሁለት ደቂቃ ጸጥ ይባላል።

መስቀሉ እንዲህ የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1915 የሟቾችን አስከሬን ከጦር ሜዳ ወደ አገር መመለስ ተከለከለ። ወላጅ የሚያለቅስበት መቃብር ስላልነበረው የመንደሩ ድንጋይ የመቃብር ምትክ ሆነ።

ያለ መቃብር ማልቀስ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የእኛም ዘማች ብዙውን ጊዜ በወደቀበት ይቀራል፤ ለቅሶው ግን መንደሩ ውስጥ ነው። ልብሱና ጠመንጃው፣ ኋላ ኋላም ፎቶግራፉ ለቅሶው መሀል ይወጣል። አልቃሿ ጀግንነቱን፣ ደግነቱን፣ የማን ዘር እንደሆነ እያነሳች ታስለቅሳለች። ካህናቱ በክርስትና ስሙ ይፈቱታል፤ በአርባው ተዝካር ይወጣል፣ ሙት ዓመቱ ይታሰባል። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ዱዓ አድርገው ሶደቃ ያወጣሉ። ሰውየውን በማስታወስ በኩል የእኛ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ድንጋዩ ስሙን ይዟል፣ አልቃሿ ግን ጠባዩን ሳይቀር ትነግረናለች።

ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚጀመረው መርዶ ሲመጣ ነው። በ1975 ዓ.ም. የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉ ወጣቶች ከየገበሬ ማኅበሩ ተመልምለው ሄዱ። አዋጁ የሚለው ስድስት ወር ሥልጠናና ሁለት ዓመት አገልግሎት ነበር። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን፣ ለስንቱ ቤት መርዶ የሚያረዳ ጠፋ! አጎቴ እንደወጣ ቀረ። አያቴ ተዝካሩን ማውጣት ልጇን በገዛ እጇ መቅበር ሆኖባት፣ እርሟን ሳታወጣ ሞተች። ኮሪያ የወደቁት የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች አስከሬን ባሕር ተሻግሮ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። ለእነዚህ ገበሬዎች ግን ስማቸውን እንኳ የጻፈላቸው የለም። ያዘመታቸው መንግሥት ሲወድቅ እነሱም አብረው ተጣሉ፤ ይህ ትልቅ በደል ነው።

የተመለሱትስ? እዚህ እንግሊዝ በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ዘምተው በሕይወት የገቡትም ስማቸው ተጽፏል። የእኛዎቹ የወታደር ልብሳቸውን እንደለበሱ በየመንገዱ ሲለምኑ ብዙ ሰው ያስታውሳል።

በስደት ያለን ተወላጆች ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ ለትምህርት ቤት ቆርቆሮ እናዋጣለን። ስም መሰብሰብ ከዚያ ሁሉ ይቀላል። የዘማቹ ስም እስከ አያት፣ የሄደበት ዓመት፣ የመጨረሻ ደብዳቤው ከየት እንደተጻፈ፣ አብሮት የሄደ ሰው ይመዝገብ። በየትኛውም ወገን ተሰልፎ ይሁን፣ የመንደሩ ልጅ ከሆነ ይግባ። የክርስትና ስሙን የሚያውቁት እናትና የንስሐ አባት ናቸውና ከእነሱ ይጀመር፤ በጸሎት የሚነሳው በዚያ ስም ነው፣ እነሱም አርጅተዋል። ድንጋዩን ማቆም ይደርሳል። ለፋሲካ ቤት ስትደውሉ ጠይቁ።