«ዲስከስ እናድርግ»

በጥናት ቡድናችን ከምንደጋግማቸው የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ዲስከስ» ነው። «ምዕራፉን ዲስከስ እናድርግ» እንላለን፤ ከዚያ አንዱ ይናገራል፣ ሌሎቻችን «አሜን» ብለን ወደ ቤታችን እንሄዳለን። ቃሉ ግን እንዲህ ረጋ ያለ አይደለም። ምንጩ ላቲን ነው፤ «ዲስ» መለያየትን፣ «ኳቴሬ» መነቅነቅን ያመለክታል። ነቅንቆ መለየት ማለት ነው። ኋላ ጉዳይን መመርመር የሚል ትርጉም ያዘ። የድሮ እንግሊዛውያን ሐኪሞች ደግሞ እብጠት መበተንን በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር!

እኔ የታየኝ ሰፌድ ነው። እህሉ ይነቀነቃል፣ ገለባው ይሄዳል፣ ፍሬው ይቀራል። እኛም አንድን ነገር በደንብ ለሚያውቅ ሰው «አብጠርጥሮ ያውቃል» እንላለን።

«ዲቤት» ግን ዘሩ ሌላ ነው። ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን በውስጡ መምታት አለበት። ሰፌድ የሚያነሣ ሰው ፍሬ ይፈልጋል፤ ዱላ የሚያነሣ ግን ሰውየውን መጣል ነው የሚፈልገው።

ጎንደር ሁለቱንም አይታለች። በነገሥታቱ ዘመን የቅባትና የተዋሕዶ ሊቃውንት በንጉሥ ፊት ተከራክረዋል፤ ከጉባኤው በኋላ የተወገዘና የተጋዘ ነበር። ስዊዘርላንዳዊው ሚስዮናዊ ሳሙኤል ጎባት በ1830 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲመጣ ደግሞ፣ አቡ ሩሚ የተረጐመውን የአማርኛ ወንጌል ይዞ ከእጨጌ ፊልጶስና ከደብተሮች ጋር ተቀምጦ ይነጋገር ነበር። በ1834 ለንደን ላይ የታተመው ማስታወሻው በጥያቄና መልስ የተሞላ ነው። እንግዳ ነበር፣ ሠራዊት አልነበረውም፤ ማዳመጥ ግድ ሆኖበት ይሆናል። ቢሆንም አዳመጠ።

ይህ ለእኛ የታሪክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ብዙዎቻችሁ እሁድ ከሰዓት ቡና የምትጠጡት ከቁስቋም ማርያም ከተመለሱ ዘመዶቻችሁ ጋር ነው። በአንድ ቃል ቤተሰብ ሲኳረፍ፣ ልጅ ከቤት ሲወጣ አይተናል። የቡድናችንን አንዲት እኅት አያቷ አቦሉ ሳይወርድ «ማርያምን የምትጠሉት ለምንድን ነው?» አሏት። ጥቅስ በጥቅስ ላይ መደርደር ትችል ነበር፤ በቃሏ የምታውቀው ብዙ ነው። እሷ ግን «እማዬ፣ እንደምንጠላት ማን ነገረዎት? እስኪ እርስዎ የሚወዷትን ይንገሩኝ» አለች። አያትየው ረጅም ሰዓት ተናገሩ። ከዚያ የሉቃስን አንደኛ ምዕራፍ አነበበችላቸው፤ እሳቸው አንዳንዱን ቦታ አስደገሟት፣ አንዳንዱን ተቃወሙ፣ እሷም ያልተቀበለችውን በግልጽ ተናገረች።

በረካው ሲቀዳ አልተስማሙም ነበር። አያትየው ግን በሚቀጥለው እሁድ ሁለተኛውን ምዕራፍ እንድታነብላቸው ነገሯት።