ሁለተኛው እትም

መጽሐፌ ሁለት ጊዜ ታትሟል። በመጀመሪያው እትም ያጠፋሁት ባለማወቅ ነው። በሁለተኛው ግን እያወቅሁ ነው፤ የምናዘዘውም ስለ ሁለተኛው ነው።

ልቦለዱ ዐፄ ዓምደ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1332 በይፋቱ ገዥ በሰብረዲን ላይ ስለዘመቱበት ጊዜ ይተርካል። ዋናው ምንጬ በግእዝ የተጻፈው የንጉሡ ዜና መዋዕል ነበር። ግሩም ጽሑፍ ነው፤ ንጉሡ በሕመም ደክመው ሳለ ለውጊያ የተነሡበትን ቦታ ዛሬም ሳነበው ልቤ ይመታል። ነገር ግን የአሸናፊው ወገን ጽሑፍ ነው። ጠላት በምን ዓይነት ቤት እንደሚያድር፣ ምን ዘርቶ እንደሚበላ አይነግረንም። ያንን ባዶ ቦታ የሞላሁት በመንገድ ባየሁት ነገር ነው።

መንገዱ የሥራ መንገድ ነበር። ካርቶን መጽሐፍ ጭኜ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወርጄ፣ ቆላውን አቋርጬ፣ ኮምቦልቻና ደሴ ላሉ መጽሐፍ መደብሮች አደርሳለሁ፤ የቀደመውን ሽያጭ ሒሳብ እቀበላለሁ። ባለ መደብሩ “ነገ ተመለስ” ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ የጥንቱን ዘመን ለማየት ጊዜ አገኛለሁና። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የአባ ኢየሱስ ሞዐን ወንጌል ለማየት ደጅ ጠንቻለሁ። ላሊበላ ድረስ ዘልቄ የመሮውን ዱካ በጣቴ ዳስሻለሁ። ለነዚህ ጊዜም ትዕግሥትም ነበረኝ።

በመንገዴ ባለችው በሰንበቴ ከተማ ግን የምቆመው ሻይ ለመጠጣት ነበር። እሑድ ከሆነ ገበያውን አያለሁ። ማሾና ማሽላ በጆንያ ተደርድሯል፤ ፍየሉ ይጮኻል፤ ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና አፋሩ በአንድ ዋጋ ላይ በየቋንቋቸው ይከራከራሉ። አንድ ቀን ግመሉን አንበርክኮ ጭነቱን የሚፈታ፣ ጊሌ የታጠቀ አፋር አየሁ። ደብተሬን አውጥቼ ትከሻውን፣ ጠጉሩን፣ ገመዱን በጥርሱ ይዞ የሚስብበትን ሁኔታ ሁሉ ጻፍሁ። ከዚያ ያንን ሰው የሰብረዲን ወታደር አደረግሁት። ቀጥዬም ገበያውን በሙሉ ሠራዊት አደረግሁት። ሱልጣኑን ድንኳን ውስጥ አስቀመጥሁት፤ ሕዝቡን ከግመልና ከሰሌን በቀር ንብረት የሌለው መንጋ አድርጌ ሣልሁት። መስጊዳቸው እንኳ በኔ ብዕር ዳስ ነበር።

ይፋት እንዲህ አልነበረም። ይፋትን የገዛው የወለስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ የያዘ፣ ከዘይላ ወደ ደጋ የሚወጣውን የንግድ መስመር የተቆጣጠረ ኃይል ነው። ከ1332ቱ ጦርነት ብዙም ሳይቆይ አል-ዑመሪ የተባለው የዐረብ ጸሐፊ ስለ ኢትዮጵያ እስላማዊ ግዛቶች ሲጽፍ ከሰባቱ መካከል ለይፋት ሰፊ ቦታ ሰጥቶታል፤ መስጊዶቹን፣ ሙዙንና ሸንኮራ አገዳውን፣ ጫቱን፣ በግብፅ ዲናርና ድርሃም የሚካሄደውን ግብይት ዘርዝሯል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ደግሞ ተመራማሪዎቹ ፍራንሷ-ዛቪዬ ፎቬል፣ በርትራን ሂርሽና ባልደረቦቻቸው አስባሪ፣ መሳልና ኖራ የተባሉትን የድንጋይ ከተሞች ፍራሽ ለዓለም አስተዋወቁ። ከተሞቹ በደጋውና በአፋር በረሃ መካከል ባለው የተረተር ጠርዝ ላይ ናቸው። እኔ ካርቶኔን ጭኜ የምመላለሰው በዚያው በይፋት ምድር ነበር። ሩቅ መሄድም አያስፈልገኝም ነበር፤ ከከሚሴ ወጣ ብሎ ሾንኬ ተራራ ላይ አርጎቦች እስከ ዛሬ በድንጋይ ቤት ይኖራሉ።

በዚያው አካባቢ የሚያስተምር አንድ ሰው ስልክ ደወለልኝ። “ጋሼ፣ መጽሐፍዎን በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አስገብቼው ነበር። አንድ ልጅ አንብቦ መጣና ‘ቲቸር፣ የኛ አያቶች ቤት አልነበራቸውም እንዴ?’ አለኝ። ምን ልበለው?”

“ልቦለድ እኮ ነው” አልሁት።

እሱ አልተቆጣም። የከተሞቹን ስም ነገረኝ፤ ጥናቱንም ላከልኝ። አነበብሁት። ጥናቱ ጠረጴዛዬ ላይ እያለ ነው ሁለተኛው እትም ማተሚያ ቤት የገባው። የወረቀት ዋጋ በየሳምንቱ ይጨምር ነበር፤ ተራዬን ካሳለፍሁ መቼ እንደሚደርሰኝ አላውቅም ነበር፤ ድንኳኑን ማውጣት የጦርነቱን ምዕራፎች ሁሉ ማፍረስ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው፣ ግን ዋናው ምክንያት አይደለም። ዋናው ምክንያት ያ ድንኳን ማማሩ ነው። አንባቢ የሚያነሣልኝ፣ በየመድረኩ አንብብልን የሚለኝ ያንን ክፍል ነበር፤ ልተወው አልቻልሁም። እንዲያው ለታሪኩ እንኳ ቢታሰብ፣ ባለ ከተማውን ያሸነፈ ንጉሥ ባለ ድንኳኑን ካሸነፈው ይበልጣል፤ ዓምደ ጽዮንንም አሳንሻቸዋለሁ።

ኖራን ያየሁት ሁለተኛው እትም ተሸጦ ካለቀ በኋላ ነው። እሾኹን እየገለጥን በእግር ደረስን። የመስጊዱ ሚሕራብ እንደ ቆመ ነው። ድንጋዩ ጠፍጣፋ ሆኖ ተጠርቦ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባብሯል፤ ግንበኛው ቅስቱን ሲያዞር እያንዳንዱን ጠርዝ በልኩ ቀንሶታል። ላሊበላ ላይ የዳሰስሁትን ዓይነት ጥንቃቄ እዚህም በጣቴ ዳሰስሁት። የመራን ወጣት ፍየል ጠባቂ ነበር፤ ከቤት ፍራሽ ወደ ቤት ፍራሽ እየተሻገረ “ይሄ መንገድ ነበር፣ ይሄ ደጃፍ ነበር” ይለኛል። እኔ ግን እነዚህን ደጃፎች የሚያውቁ ሰዎችን ነው ዘላን ያልኋቸው። መጽሐፉም ዛሬ በሺህ ሰው ቤት አለ።

በእጃችሁ ካለ፣ ዜና መዋዕሉ የሚለውንና እኔ የጨመርሁትን አትቀላቅሉ። ድንኳኑ፣ ዳሱና ግመል ብቻ የሚነዳው ሠራዊት ከሰንበቴ ገበያ የወሰድሁት የራሴ ፈጠራ ነው። ያ አፋርም እሑድ ዕለት ዕቃውን ሊሸጥ የመጣ ነጋዴ ነው እንጂ የማንም ጦር አልነበረም፤ ሳላስፈቅደው መልኩን ወስጄ ላልሆነው ነገር አውየዋለሁ።

ሦስተኛውን እትም እየጻፍሁ ነው። ሰብረዲን አሁን ከድንጋይ ቤት ይወጣል፤ በጠባብ መንገድ አልፎ ወደ መስጊድ ይሄዳል፤ ከተማው ሲቃጠል የሚቃጠል ነገር አለው። ለአስተማሪው ደውዬ ይህንኑ ነገርሁት፤ “ልቦለድ እኮ ነው” ስላልሁትም ይቅርታ ጠየቅሁት። “አብሽር ጋሼ” አለኝ። ልጁ ምን ይል ይሆን ብዬ ጠየቅሁ። ትምህርቱን ጨርሶ ከሄደ መቆየቱን፣ አሁን የት እንዳለም እንደማያውቅ ነገረኝ።