ወንበሩና በትሩ

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማው ነበር። ሲነገር ያስቃል፤ ነገር ግን ከሳቁ በታች ያለው ምክር ክፉ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከለመድሁት የሥራ ክፍል ወደ ሌላ በተዛወርሁ ጊዜ ይኸው ተረት ትዝ አለኝ። እኔን የቆጨኝ ግን ያልበላሁት ገንዘብ አልነበረም፤ የለመድሁት ወንበርና የባለጉዳዩ እጅ መንሳት ነበረ እንጂ።

በዚያ ሰሞን በአንድ ወዳጄ ቤት የሞዛርትን «ዶን ጆቫኒ» ከአሮጌ ቅጂ ሰማሁ። የተቀዳው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1936 ነው፤ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የሙዚቃውን ጓድ የመራው ማን እንደ ሆነ ብጠይቅ፣ ፍሪትዝ ቡሽ የሚባል ጀርመናዊ መሆኑን ነገረኝ። ታሪኩን ፈልጌ ባነበብሁ ጊዜ ስለ ወንበሬ ማዘኔ አሳፈረኝ።

የኦርኬስትራ መሪ በእጁ ከያዛት ቀጭን በትር በቀር መሣሪያ የለውም። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ድምፅ የማያሰማ እርሱ ብቻ ነው። የሚነፋውም የሚመታውም የሚዘምረውም እጁን አይቶ ካልታዘዘለት በትሩ እንጨት ብቻ ናት። ስለዚህ ሥልጣኑ ሁሉ የቆመው በሌሎች መታመን ላይ ነው።

ቡሽ በ1890 ዚገን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቫዮሊን ሠሪ ነበር፤ ወንድሞቹም አዶልፍ በቫዮሊን፣ ኸርማን በቼሎ ስመ ጥር ሆኑ። ፍሪትዝ በልጅነቱ በየመጠጥ ቤቱ ለጭፈራ ፒያኖ ይመታ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ በሪጋ፣ በአኸንና በሽቱትጋርት ከሠራ በኋላ በ1922 የድሬስደን ኦፔራ መሪ ሆነ። በዚያም የቡዞኒን «ዶክተር ፋውስት» በ1925፣ የሂንደሚትን «ካርዲያክ» በ1926 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ አሰማ።

በ1933 ናዚዎች ሥልጣን ያዙ። ቡሽ አይሁዳዊ አልነበረም፤ ነገር ግን ለእነርሱ ያለውን ንቀት አልሸሸገም፣ ከአይሁድ ባለሙያዎች ጋር ያለውንም ወዳጅነት አላቋረጠም። መጋቢት 7 ቀን «ሪጎሌቶ»ን ሊመራ ብቅ ሲል፣ አዳራሹን የሞሉት የናዚ ጭፍሮች በጩኸት ከመድረኩ አባረሩት። አብረውት ከሠሩት መካከልም በእርሱ ላይ የቆሙ ነበሩ። እኔን ከጩኸቱ ይልቅ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ የጭፍራ ጩኸት ያልፋል፣ የባልደረባ ክህደት ግን በልብ ይቀራል።

በዚያው ዓመት ታላቁ ጣሊያናዊ መሪ ቶስካኒኒ ናዚዎችን ተቃውሞ በባይሮይት በዓል አልገኝም ባለ ጊዜ፣ ቦታውን እንዲይዝ ቡሽ ተጠየቀ። ለተሻረ ሰው ከዚህ የበለጠ ካሣ ከየት ይገኛል? እርሱ ግን እምቢ አለ፤ አገሩንም ትቶ ወጣ። በቦነስ አይረስና በኮፐንሃገን ሠራ። በ1934 በእንግሊዝ አገር፣ ግላይንድቦርን በሚባል የገጠር ርስት ላይ ጆን ክሪስቲ የሚባል ባለጸጋ ባሠራው ትንሽ ቲያትር የሞዛርትን «የፊጋሮ ሠርግ» መራ። ቲያትሩ ከሦስት መቶ ሰው ገደማ በላይ አይዝም ነበር። ታዲያ ያን «ዶን ጆቫኒ» የቀዳው ከዚህ ትንሽ ቤት ጓድ ጋር ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ እንደ ቡሽ እምቢ ማለት ለሁሉ ሰው እኩል አይቀልም። የእርሱን ሙያ ባዕድ አገር ሁሉ ይፈልገው ነበር፤ ልጆች ያሉት ጸሓፊ ግን መዝገቡን ታቅፎ ወዴት ይሄዳል? ስለዚህ በቀሩት ሁሉ ላይ ለመፍረድ አልደፍርም። ይሁን እንጂ ከወንበር ተነሥቶ በሙያ መቆም እንደሚቻል እርሱ አሳይቶናል።

ቡሽ በ1951 ለንደን ውስጥ ዐረፈ። የተባረረበት የድሬስደን ኦፔራ በየካቲት 1945 በቦምብ ጋየ፤ ዳግመኛ ተሠርቶ የተከፈተውም በ1985 ነው። ወንበሩ ከነአዳራሹ ሲነድ የበትሩ ሥራ ተርፎ እስከ እኔ ጆሮ ደረሰ።

እኔም ዛሬ በአዲሱ ክፍሌ ተቀምጬ የባለጉዳዩን መዝገብ ስገልጥ፣ ያን የልጅነት ተረት በልቤ አርሜዋለሁ፦ ሲሾም ያልሠራ፣ ሲሻር ይቆጨዋል።