የተሸጠ ዕቃ አይመለስም

መርካቶም ሆነ ፒያሳ፣ ባሕር ዳርም ሆነ ደሴ፣ ሱቅ ገብቶ ይህችን ጽሑፍ ያላነበበ የለም። በካርቶን ቁራጭ ላይ በማርከር ተጽፋ ከመደርደሪያው ፊት ተለጥፋለች፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ገዢው ያነባታል፣ ይቀበላታል፣ ሕግ ትመስለዋለች። ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ የገዛው ዕቃ ጉድለት የተገኘበት ሸማች በ15 ቀናት ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ካርቶኗ ግን እስከ ዛሬ ከአዋጁ በላይ ትታወቃለች፤ ከአዋጁ በላይም ትከበራለች።

አዋጅ በካርቶን ቁራጭ ሲሸነፍ ማየት አንጀት ያቃጥላል። ይበልጥ የሚያቃጥለው ደግሞ ይህ እንዳይሆን የሚያስችለው ሁሉ በእጃችን የነበረ መሆኑ ነው። ሕግ ነበረን። ሕጉን የሚያስፈጽም መሥሪያ ቤት ነበረን። በየትምህርት ቤቱ የራሱ መጽሐፍ፣ የራሱ መምህርና የራሱ ክፍለ ጊዜ ያለው የሥነ ዜጋ ትምህርትም ነበረን። ሦስቱን የሚያገናኝ ሰው ጠፋ።

ይህን የምጽፈው ከሶማሌላንዷ ሐርጌሳ ዳር፣ ከአያሃ ሆኜ ነው። በ1980 ዓ.ም. ሐርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ነዋሪዋ ወደ ኢትዮጵያ ተሰዶ እንደ ሀርትሼክ ባሉ ካምፖች ዓመታት አሳለፈ። አያሃ ከስደት ለተመለሱና ከከተማው መሃል ለተነሡ ተፈናቃዮች መስፈሪያ የሆነ ቦታ ነው። ዛሬ በተራው የእኛ ሰው ድንበር ተሻግሮ ሐርጌሳ ይገባል፤ ሰው ቤት ልብስ ያጥባል፣ ግንባታ ላይ ድንጋይ ይሸከማል፣ ሊስትሮ ይሠራል። ሕጉ የማያውቀው፣ ቋንቋውን በቅጡ ያልለመደ ሰው ገበያ ላይ ምን ያህል ብቻውን እንደሆነ ለማየት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

እዚህ ሁሉም ነገር በስልክ ይከፈላል። የስልክ ኩባንያው ቴሌሶም፣ ዛድ የሚባለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2009 ከጀመረ ወዲህ ሻይ የምትሸጠዋም፣ ውኃ በአህያ ጋሪ የሚያዞረውም ክፍያ የሚቀበሉት በስልክ ነው። እናት ልጇን ሱቅ ስትልክ ስልኳን ታስይዘዋለች። ልጁ ቁጥሩን ይመታል፣ የምስጢር ቁጥሯን ያስገባል፣ ወዲያው መልእክት ይገባል። መልእክቷ ስንት እንደተከፈለና ለማን እንደተከፈለ ትናገራለች። ምን እንደተገዛ ግን አትናገርም። ዱቄቱ ነቀዝ ቢወጣበት፣ ቻርጀሩ በማግሥቱ ቢቃጠል፣ ባለሱቁ «ከእኔ የገዛኸው ስኳር ነው» ቢል ልጁ የሚያሳየው የለውም። የተማረ ልጅ ቢሆን መልእክቷን አያጠፋትም ነበር፤ ከሱቁ ሳይወጣ የዕቃውን ስም በቁራጭ ወረቀት ላይ ያጽፍ ነበር፤ ቢያንስ ዕቃውን ከነሱቁ ፎቶ ያነሣው ነበር። ይህ ሁሉ ገንዘብ አያስወጣም፣ ሕግም አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ ሰው አስቀድሞ እንዲነግረው ብቻ ነው። በሀገር ቤትም ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ያው ጉዳይ በየሱቁ ገብቷል።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የሚነሳኝ የቀኑ ነገር ነው። በወደብ በሚገባው የዱቄት ወተት፣ ዘይትና ብስኩት ላይ የሚታተመው የአገልግሎት ማብቂያ ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ አንዲት የአገራችን ልጅ ለታናሽ ወንድሟ የወተት ቆርቆሮ አነሣች እንበል። ግርጌው ላይ 12/2023 የሚል አለ። በእኛ ዓመት ለምታስብ ልጅ ይህ ወተት ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል። እንደ እውነቱ ከሆነ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ገደማ ሆኖታል። ልጅቷ ቀኑን አይታለች፤ ጥንቃቄም አድርጋለች፤ ጥንቃቄዋ ራሱ አሳስቷታል። በዓለም ላይ ይህ ስሕተት ሊገጥማቸው ከሚችሉ ጥቂት ሕዝቦች አንዱ እኛ ነን። ስለዚህ ከማንም ቀድመን ልጆቻችንን ማስተማር የነበረብን እኛው ነበርን። አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃ ነበር። አንድ!

ሶማሌላንድ የጥራት ቁጥጥር ኮሚሽን አላት። ግን ወረቀት የሌለው ስደተኛ አቤቱታ ይዞ ቢሮ አይሄድም። እንዲህ ያለ ሰው ገበያ ላይ ያለው መከላከያ ከሀገሩ ይዞት የወጣው ዕውቀት ነው። ቁጭቴ ወደ ትምህርት ቤቱ የሚመልሰኝም ለዚህ ነው።

የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍን የተማረ ሁሉ ያስታውሳቸዋል። ዐሥራ አንድ እሴቶች ነበሩ፦ ዴሞክራሲያዊ ሥርዓት፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ ሀገር ወዳድነት፣ ኃላፊነት፣ ሥራ ወዳድነት፣ በራስ መተማመን፣ ቁጠባ፣ የነቃ ማኅበራዊ ተሳትፎ፣ ዕውቀትን መሻት። ከክፍል ክፍል ሲወጡ እነዚሁ እየተደጋገሙ ይመጣሉ። ተማሪው ለፈተና በቃሉ ያጠናቸዋል፤ የቁጠባ ጥቅሞችን ዘርዝር ሲባል ይዘረዝራል። ያው ተማሪ ከትምህርት ቤቱ በር ሲወጣ ከሱቅ ብስኩት ይገዛል፤ ማሸጊያውን አያነብም፣ መልሱን አይቆጥርም። «ፍትሕ» የሚለው ምዕራፍና ሱቁ በአንድ መንገድ ላይ እንደሚገናኙ ማንም አልነገረውም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የሸማቾች ጥበቃ መመሪያን ያጸደቀው በ1977 ዓ.ም. ነው። መመሪያው የሸማቾች ትምህርት የመደበኛው ሥርዓተ ትምህርት አካል እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ቀድሞ ባሉት የትምህርት ዓይነቶች ውስጥ እንዲካተት ይመክራል። አዲስ ትምህርት ፍጠሩ፣ አዲስ በጀት መድቡ አላለም፤ ባላችሁ ውስጥ አስገቡት ነው ያለው። እኛ ደግሞ ያለን ነበረን። በ2002 ዓ.ም. ከ813 የቀደመው የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 685 ሲወጣ ሕጉም ተጨመረልን። ያኔ ሁለቱን ለማገናኘት የሚያስፈልገው የመጽሐፍ ጥቂት ገጾችና የመምህራን ጥቂት ቀናት ሥልጠና ነበር።

ምን ይማሩ ነበር? ሳስበው ያመኛል፤ ምክንያቱም ቀላል ነው። መምህሩ ባዶ የዘይት ጀሪካን፣ የጨው ከረጢትና የብስኩት ማሸጊያ ይዞ ክፍል ይገባል። ልጆቹ አምራቹን፣ አድራሻውን፣ ክብደቱን፣ የተመረተበትንና የሚያበቃበትን ቀን ይፈልጋሉ፤ ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ይመልሳሉ። የፊዚክስ መምህሩ አንድ ኪሎ ተብሎ ከገበያ የተገዛ ሽንኩርት በትምህርት ቤቱ ሚዛን ያስመዝናቸዋል፤ የጎደለውንም ግራም ልጆቹ ራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይጽፉታል። የኬሚስትሪ መምህሩ በብርጭቆ ውኃ ላይ በርበሬ ይነሰንሳል፤ የተቀላቀለበት የሸክላ ዱቄት ካለ ከበርበሬው ቀድሞ ታች ይዘቅጣል። ይህን አንድ ጊዜ በዓይኑ ያየ ልጅ ቤቱ ሄዶ ለእናቱ ሳይነግር አያድርም። ቅቤ ከሙዝ ጋር፣ ማር ከስኳር ጋር፣ የእንጀራ ዱቄት ከጀሶና ከሰጋቱራ ጋር ተደባልቆ ተያዘ የሚል ዜና በሰማን ቁጥር እጃችንን በአፋችን ላይ ከምንጭን፣ በየቤቱ አንድ መርማሪ በኖረን ነበር።

ደረሰኙን ደግሞ ልጨምር። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ያልተባለ ማን አለ? የተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ነው፤ ገዢው ያተረፈ ይመስለዋል። ሻጩ ታክሱን ይሰውራል፣ ገዢው ደግሞ ዕቃው ቢበላሽ የሚከራከርበትን ብቸኛ ማስረጃ በገዛ እጁ አሳልፎ ይሰጣል። ይህን ስሌት ስምንተኛ ክፍል ላይ የሚያስቸግረው ተማሪ የለም። 

አዋጅ 813 ስለ መስተንግዶም ይናገራል። ሸማች ዕቃ ስላማረጠ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ እንዲገዛ አይገደድም፤ በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድ፣ ከስድብና ከዛቻ መጠበቅ መብቱ ነው። «ካልገዛሽ ለምን አስወረድሽኝ?» ተብላ አንገቷን ደፍታ የወጣች እናት ስንት ናት! ልጇ አጠገቧ ቆሞ ነበር። መብቷን ቢያውቅ ኖሮ ቀሚሷን ይዞ ከመውጣት ሌላ የሚያደርገው ነገር በኖረው።

ለምን አልሆነም ለሚል፣ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ሕጉን ከመጀመሪያው ያወቅነው በዋጋ ጣሪያ ነው። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በሥጋ፣ በዳቦና በሌሎችም ሸቀጦች ላይ የዋጋ ጣሪያ ጣለ፤ ዕቃው ከገበያ ተሰወረ፣ ሰልፉ ረዘመ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም አብዛኛው ተነሣ። ከዚያ ወዲህ «የሸማቾች ጥበቃ» ሲባል በሰው ጆሮ የሚደወለው የስኳር ወረፋ ሆነ። ሸማቹም ራሱን መንግሥት የሚያድለው ተቀባይ እንጂ የሚጠይቅ ባለመብት አድርጎ ማየት አልለመደም። ሕጉን የሚያስፈጽመው ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ግንዛቤ እንዲያስጨብጥ በሕግ ኃላፊነት ነበረው፤ በየአዳራሹ መድረክ ተዘጋጀ፣ ባነር ተሰቀለ። አዳራሽ የሚመጣው የተጋበዘ ሰው ነው። ሳይጋበዝ በየቀኑ የሚመጣው፣ በሚሊዮን የሚቆጠረው ተማሪ ግን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ እየጠበቀ ነበር።

ከዚያ ጊዜው አለፈ። ባለሥልጣን መሥሪያ ቤቱ በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1263 ፈርሶ ሥራው ለንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ተላለፈ። ሥነ ዜጋም በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የዜግነት ትምህርት ሆኖ ተቀየረ። በ2002 ዓ.ም. አምስተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ዛሬ ሃያዎቹን ያጋመሰ ጎልማሳ ነው። አግብቷል፣ ወልዷል፣ ሱቅ ከፍቷል፣ ወይም ተሰዶ እዚህ አያሃ ቆርቆሮ ቤት ተከራይቶ ይኖራል። እርሱን እንደገና አምስተኛ ክፍል ማስገባት አይቻልም።

ሱቅ ከፍቷል ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። በርበሬው ላይ ሸክላ የሚቀላቅለው፣ ቆርቆሮው ላይ ቀኑን የሚፍቀው፣ ካርቶኑን የሚለጥፈው ሰው ከዚያው ክፍል የወጣ ነው። ከገዢው ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጧል። ያኔ ለአንድ ክፍል አስተምረነው ቢሆን ኖሮ ትምህርቱ ገዢውንም ነጋዴውንም ይቀርጽ ነበር፤ ደንበኛው እንደሚጠይቀው አውቆ ሱቅ የሚከፍት ነጋዴ ሌላ ሰው ይሆን ነበር። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የምናገኝበት ቦታ ያ ክፍል ብቻ ነበር፤ አመለጠን።

የዓለም የሸማቾች መብት ቀን በየዓመቱ መጋቢት 6 ይውላል። ቀኑ የተመረጠው ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ በ1954 ዓ.ም. ለአሜሪካ ኮንግረስ ስለ ሸማቾች መብት መልእክት ያስተላለፉበት ዕለት በመሆኑ ነው፤ የደኅንነት፣ የመረጃ፣ የምርጫና የመሰማት መብትን ያን ቀን ጠቀሱ። በእኛ ትምህርት ቤቶች መጋቢት 6 የሁለተኛው ሴሚስተር አንድ ተራ ቀን ሆኖ ያልፋል።

ትምህርት ሚኒስቴርን የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የዜግነት ትምህርት መጽሐፍ በሚቀጥለው ሲታተም የሸማቹ መብቶችና የ15 ቀኑ ድንጋጌ አንድ ምዕራፍ ይሰጣቸው፤ የቀን አቆጣጠሩ ስሌትም ከአራተኛ ክፍል ይጀምር። እናንተ መምህራን ግን መጽሐፉን አትጠብቁ፤ ባዶ ማሸጊያ ይዞ ክፍል ለመግባት የማንም ፈቃድ አያስፈልግም። ሐርጌሳ ያላችሁ ወላጆችም ዛሬ ማታ የወተቱን ቆርቆሮ ገልብጣችሁ ቀኑን ከልጆቻችሁ ጋር አስሉት።