በመልካ ጀብዱ ሜዳ

ከድሬዳዋ ወደ ምዕራብ ጥቂት ተጉዘን መልካ ጀብዱ ስንደርስ፥ ግራር የበቀለበት ሞቃት ሜዳ ተቀበለን። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ ዛሬ ግን በአቅራቢያው የሚያልፈው በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ለሰንበት ማረፊያ ጎጆ፥ ለእንጨት የሚሆን ዛፍና ጅግራ የሚታደንበት ቁራሽ መሬት ልግዛ የሚል አባወራ ቢኖር አንፈርድበትም፤ እኛም ከጥላው ሥር ተቀምጠን ተመኝተናል።

ነገር ግን የገጠር መሬት ከየካቲት 1967 ዓ.ም. ጀምሮ የሕዝብ ሀብት ሆኗል፤ የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደንግጓል። አደንም ያለ ፈቃድ ክልክል ነው። እንግዲህ በሽማግሌ ፊት የተጻፈ የሽያጭ ውል፥ ለልጆች ትምህርት የተጠራቀመውን ብር ቢያስወጣም፥ ገዢውን ባለመሬት አያደርገውም። ገበሬው ማከራየት የሚችለው የመጠቀም መብቱን ነው፤ ያውም ለተወሰነ ዘመን፥ ውሉም በመሬት ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ።