«አሥራ ሁለቱም ሙሉ ነው»

ዕቁቡ ባለፈው ዓመት በሦስተኛው ዙር ለእኔ ወጣ። ኢስሊ ሱቅ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ዕቁብ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ቆጥሮ ሳይጨርስ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ሰፈሩን ያዳርሳል። የእኔ ገንዘብ ግን የሚሄድበት ቀድሞ የታወቀ ነበር። በርበሬ፣ ሽሮና የተቆላ ቡና ኪሊማኒና ኸርሊንግሃም ላሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ሳደርስ ስድስት ዓመቴ ነው። በነዚህ ዓመታት ለታክሲና ለቦዳ የከፈልኩትን ላስላው ብል እንቅልፍ አይወስደኝም።

ኤሌክትሪክ መኪና ያስመኘኝ አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ እሱም እንደ ሰዉ የቻይና ኤሌክትሪክ ገዛ። በደወለ ቁጥር ወሬው እሷ ናት፤ ማታ እንደሚሰካት፣ ጠዋት እንደሚነቅላት። «አንቺም ግዢና በሞያሌ አምጪያት» እያለ ይቀልድብኛል። የኬንያ መኪና መሪው በቀኝ እንደሆነና እኛ አገር ደግሞ በመንገዱ ቀኝ እንደሚነዳ እያወቀ ነው።

ናይሮቢ ውስጥ ያገለገለ ትንሽ ኤሌክትሪክ መኪና ስትፈልጉ ቶሎ የምታገኙት ከጃፓን የሚመጣውን ኒሳን ሊፍ ነው። የኋላ በሩ ወደ ላይ ይከፈታል፤ የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ ሦስት ጆንያ ይይዛል። ለእኔ ሥራ ልክ ነው።

መኪና የሚያሻሽጡ አንድ ጋሼ አሉ። ባሌ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ በየቀኑ የጠየቁን፣ ለቅሶ ቤት ቀድመው የሚደርሱ ሰው ናቸው። እሳቸው አንድ ነጭ ሊፍ አሳዩኝ፤ እ.ኤ.አ. የ2014 ምርት፣ ባትሪው 24 ኪሎዋት ሰዓት የሆነ። ሊፍ ላይ ከመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ፣ በቀኝ ጠርዝ፣ የባትሪውን ጤና የሚያሳዩ 12 ትንንሽ መስመሮች አሉ። ባትሪው 15 በመቶ ገደማ አቅሙን ሲያጣ የመጀመሪያዋ ትጠፋለች፤ ከዚያ በኋላ በየ6 በመቶው ገደማ አንድ አንድ እያለ ይቀንሳል። ጋሼ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩልኝ። «ተመልከቺ ልጄ፣ አሥራ ሁለቱም ሙሉ ነው።»

ዋጋውም ደስ አለኝ። አንድ መቶ ሺህ ሽልንግ ቀብድ እዚያው ቆጥሬ ሰጠሁ። ደረሰኝ ልጠይቅ አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እንዴት ብዬ ነው ጋሼን ደረሰኝ የምጠይቀው?

በማግሥቱ ኪሪንያጋ መንገድ አካባቢ የሚሠራ አንድ ወጣት ፉንዲ አገኘሁ። ከመሪው ሥር የምትሰካ የክብሪት ቀፎ የምታህል ብሉቱዝ አለችው፤ ሊፍ ስፓይ በሚባለው መተግበሪያ በስልኩ የባትሪውን ሆድ ያነባል። አየና ሳቀ። የባትሪው ጤና 98 በመቶ ይላል። «እማማ፣» አለኝ በስዋሂሊ፣ «የሰባ ዓመት ሴት አንድም ሽበት ከሌላት ቀለም ተቀብታለች ማለት ነው።»

የዚያ ዘመን ሊፍ ባትሪ እንደ ብዙዎቹ አዳዲስ መኪናዎች በፈሳሽ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀቱንም እርጅናውንም ዝም ብሎ ይችላል። አሥር ዓመት የሠራ ባትሪ አዲስ ሆኖ አይገኝም። መስመሮቹን የሚቆጥረውን ኮምፒውተር ግን በመሣሪያ «እንዲረሳ» ማድረግ ይቻላል። ያኔ አሥራ ሁለቱም ይበራሉ። መኪናው ሳምንታት ከተነዳና ደጋግሞ ከተሞላ በኋላ እውነቱ እየታወሰው አንድ በአንድ ይጠፋሉ። በዚያን ጊዜ ሻጩ ገንዘቡን ተቀብሎ ሄዷል።

«ምን ይሻላል?» አልኩት። «ሙሉ ሞልተሽ ቲካ ድረስ ሂጂና ተመለሽ» አለኝ።

ይህን ለጋሼ መንገር ከመኪናው ዋጋ ይበልጥ ከበደኝ። ሁለት ቀን አዘገየሁት። ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። «አታምኚኝም ማለት ነው?» አሉ። «እርስዎን አምናለሁ፣ ባትሪውን ነው የማላውቀው» አልኩ። ይህን መልስ ሌሊቱን ስለማመደው ነው ያደርኩት። እሺ አሉ፤ ግን አብሬሽ እሄዳለሁ አሉ።

ቅዳሜ ጠዋት 100 በመቶ ሞልተን በፓንጋኒ በኩል ወጣን። ከኢስሊ ቲካ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቲካ ከናይሮቢ ዝቅ ስለምትል መሄጃው ይቀላል። ስንደርስ 52 በመቶ ቀርቶታል። ጋሼ ፊታቸው በራ፤ ሻይና ማንዳዚ ጋበዙኝ። እኔም በልቤ ፉንዲውን ወቀስኩት።

መልሱ ዳገት ነው። ጁጃ ላይ 35 አለ። ሩይሩን ስናልፍ 19። እስከዚያ ጋሼ ስለ ልጆቼ ትምህርት እየጠየቁኝ ነበር፤ ከዚያ ዝም አሉ። ካሃዋ ላይ ቁጥሩ ጠፍቶ ሰረዝ ብቻ ሆነ። ጊቱራይ ስንደርስ ያቺ የኤሊ ምልክት በራች፤ ኤሊዋ ከበራች መኪናው ጉልበቱን ቆጥቦ እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው። ዳር ያዝኩ። ማታቱዎቹ ጡሩምባቸውን እየነፉ ያልፉናል። አዲስ ሳለ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ መኪና ሰባ ምናምን ላይ ቆመ።

ጎታች መኪና እስኪመጣ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቅን። ጋሼ መጀመሪያ ሙቀቱን አመካኙ፣ ከዚያ ማቀዝቀዣውን ስለከፈትኩ ነው አሉ። በኋላ ቆባቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «በገዛ ገንዘቤ ነው የገዛኋት። ሦስት ወር ቆማለች። የሸጠልኝም አሥራ ሁለት ነው ብሎ ቆጠረልኝ» አሉ። ያውቁ ነበር ወይ? እስከ ዛሬ አልጠየቅኳቸውም። ባሌ ያውቁ ነበር ይላል። እኔ ግን እዚያ የተቀመጡትን አይቻለሁ።

ባሌ ነገሩን ሽማግሌ ፊት ላቅርብ አለ። እኔ አልፈለግኩም፤ ግን ያ ገንዘብ የስጦታ ገንዘብ አልነበረም። የወጣለት ዕቁብ ብድር ነው፤ በየሳምንቱ መጣሌ አይቀርም፣ መኪና ኖረኝም አልኖረኝም። ስለዚህ እየደወልኩ ጠየቅኩ። ቀብዱን በሦስት ጊዜ መለሱልኝ፤ መጀመሪያ ሃምሳ ሺህ፣ ከወር በኋላ ሠላሳ፣ የመጨረሻውን ሃያ በልጃቸው እጅ። በእነዚያ ሳምንታት ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ ሰላምታችን አጭር ነበር።

በመጨረሻ የገዛሁት እ.ኤ.አ. የ2018ቱን፣ ባለ 40 ኪሎዋት ሰዓቱን ነው። ዋጋው ከመጀመሪያው በጣም ይበልጣል፤ የጎደለውን እህቴ ሞላችልኝ። መስመሩ 11 ነው፣ የፉንዲው ስልክም 83 በመቶ አለ። የጎደለች መስመር አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ይህኛውም ቲካ ደርሶ ተመልሷል፤ ኢስሊ ስንገባ ግማሽ ያህል ቀርቶት ነበር።

ችግር የለበትም አልላችሁም። ስክሪኑ የሚያወራው በጃፓንኛ ነው፤ ልጄ የሥዕሎቹን ትርጉም በቃሏ ይዛልኛለች። ፈጣን መሙያው ቻዴሞ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ አዳዲሶቹ መሙያ ጣቢያዎች ሁሉ አይገጥሙትም። ስለዚህ ቤት የሚሰካበት የሌለው ሰው ሊፍ ከመግዛቱ በፊት ከሕንፃው ጠባቂና ከአከራዩ ጋር ይነጋገር። እኔ መጀመሪያ በተራ ሶኬት ሰካሁትና ጠዋት ስነካው ሶኬቱ እንደ ምጣድ ግሏል። አሁን ለብቻው ወፍራም ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የራሱ ቆጣሪ አለው፤ ቶክኑን እኔ እሞላለሁ። ለመቶ ኪሎ ሜትር 15 ዩኒት ገደማ ይበላል። ዩኒቱ ከነግብሩ 30 ሽልንግ ያህል ነውና 450 ሽልንግ መሆኑ ነው። ቤንዚን በሊትር ከ170 ሽልንግ በላይ በሚሸጥበት ከተማ የቀረውን ሒሳብ እናንተ ሥሩት።

ባለፈው ወር ጋሼ ደወሉ። ድምፃቸውን ስሰማ ደነገጥኩ። ደኅንነቴን፣ ልጆቹን፣ ገበያውን ጠይቀው ሲያበቁ፣ «ያቺ ልጁ የሰካት ዕቃ፣ አንቺም ገዝተሻል አሉ?» አሉኝ። «አዎ ጋሼ» አልኩ። ቅዳሜ የሚያዩት መኪና አለ። «አውሺኝ» አሉ። አዋስኳቸው፤ እስካሁን አልመለሱልኝም፤ በየሳምንቱ ሌላ መኪና አለ።