ያልተነዳ መኪናም ዘይቱ ያረጃል

ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናት፤ የአራት ዓመት ልጇን በጋቢ ጠቅልላ አቅፋለች። ወባ ነው፣ ልጁ እንደ ምጣድ ይፋጃል። አሶሳ ላይ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ዝናብ ባጃጅ የሚታሰብ አልነበረም። "ወንድሜ፣ መኪናህ ትነሣልናለች?" አለችኝ።

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሣ። ነገር ግን ሁልጊዜ ወዲያው የምትጠፋው ቀይዋ የዘይት መብራት አልጠፋችም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እስከ ሰባት ቆጠርኩ። ከዚያ ጠፋች። ሆስፒታል እስክንደርስ አንድ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኔ እሷ ላይ ነበር። ልጁ በጊዜ መድኃኒት አገኘ፤ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ ኳስ ሲያንከባልል ይውላል። እኔ ግን እነዚያ ሰባት ሰከንዶች እስካሁን ከጆሮዬ አልወጡም። በዚያ ሌሊት ሞተሩ ነክሶ መንገድ ላይ ቀርተን ቢሆንስ?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ሞተር ዘይት ነው የምጽፈው። "ስንት አገራዊ ጉዳይ እያለ!" እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ፤ ወደ አገራዊው ጉዳይ እንመጣለን።

መኪናዬ ትንሽዬ አሮጌ ቪትዝ ናት። ስገዛት ሐሳቤ ለበዓል ቤተሰቤን ይዤ በመንዲ፣ በነጆ፣ በጊምቢና በነቀምት አድርጌ አዲስ አበባ ዘመድ ለመጠየቅ ነበር። ከዚያ የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ። ሲዘጋ፣ ሲከፈት፣ ተከፈተ ሲባል ደግሞ ማንም በልበ ሙሉነት የማይወጣበት ሆኖ ዓመታት አለፉ። በዚያ ላይ የነዳጅ ሰልፍ ተጨመረ። መኪናዋ ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ገበያ፣ ግፋ ቢል ባምባሲ ድረስ ብቻ የምትሄድ ሆነች። መጨረሻ ዘይት ካስቀየርኩ አሥራ አራት ወር አልፎት ነበር፤ የተነዳችው ግን ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። "አምስት ሺህ ሲሞላ አስቀይራለሁ" ብዬ ቁጭ ብያለሁ።

በማግስቱ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መለኪያውን ዘንግ አወጡ፤ ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ወርዷል። ቀጥለው ዘይት የሚሞላበትን ክዳን ፈተው ገለበጡልኝ። ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተለጥፎበታል።

"ጋሼ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"ውሃ ነው፣ ልጄ።"

ደነገጥኩ። የራዲያተሩ ውሃ ወደ ሞተር ገባ ማለት ትልቅ ወጪ ነው። እሳቸው ግን ራዲያተሩን አዩ፣ ውሃው አልጎደለም። "ይሄ የራዲያተር ውሃ አይደለም፤ ከቤንዚኑ የመጣ ነው። መኪናህን አታሞቃትም፤ ሳትሞቅ ታጠፋታለህ" አሉኝ።

ቤት ገብቼ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። አብዛኛው በጭስ ማውጫው በእንፋሎት ይወጣል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ቀለበቶች ጎን ሾልኮ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ያልተቃጠለ ቤንዚንም አብሮት ይገባል። ረጅም መንገድ የሚሄድ መኪና ዘይቱ በደንብ ስለሚግል ይህን ሁሉ አትንኖ ያስወጣዋል። ሁለት ኪሎ ሜትር ሄዶ የሚጠፋ መኪና ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ያጠራቅማል። ውሃው አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱን እንዲያከሽፉ ዘይቱ ውስጥ የተጨመሩት ኬሚካሎች ያልቃሉ፤ ዘይቱም ወደ ጭቃነት ይሄዳል። የመኪና አምራቾች "ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ወይም ይህን ያህል ወር፣ ቀድሞ የደረሰው" ብለው የሚጽፉት ለዚህ ነው። እኛ የመጀመሪያውን ቁጥር እናነባለን፤ ሁለተኛውን እንዘለዋለን። የኔም ጥፋት ይኸው ነው።

ታዲያ "ከተራው ዘይት ወደ ሲንተቲክ ልቀይርና ልገላገል?" ብዬ አሰብኩ። ምክር የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የየራሱን አለኝ። አንዱ "አሮጌ ሞተር ላይ ሲንተቲክ ካደረግህ ዘይት ያፈሳል" አለኝ። ሌላው "አንዴ ከገባህበት መመለስ የለም" አለ። ሦስተኛው "ሞተሩ ካልታጠበ እንዳትሞክረው" ብሎ አስፈራራኝ።

የመጀመሪያው አባባል ሥር አለው። የቀደሙት ሲንተቲክ ዘይቶች፣ በተለይ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረቡት፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክሉትን ጎማዎች ያኮማትሩ ነበር። ያ ችግር ከተፈታ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ የሚያፈስ ሞተር ካለ ብዙውን ጊዜ ጎማው ቀድሞውኑ ደርቆ ወይም ተሰንጥቆ ነው፤ ጭቃው ደፍኖት የነበረውን አዲሱ ዘይት አጥቦ አጋለጠው እንጂ አልቀደደውም። ሁለተኛው አባባል ሐሰት ነው፤ ሁለቱ ዘይቶች ይደባለቃሉ፣ ወደ ተራውም መመለስ ይቻላል። ሦስተኛው ደግሞ ንጹሕ ለሆነ ሞተር አያስፈልግም።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ተራው ዘይት ከድፍድፍ ተጣርቶ የሚወጣ፣ ትልቅና ትንሽ ሞለኪውል የተቀላቀለበት ነው። ሲንተቲኩ በፋብሪካ የተሠራ ወይም በጣም ተጣርቶ እንደገና የተዋቀረ ስለሆነ ሞለኪውሉ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ በሙቀት ቶሎ አይበላሽም፣ በብርድም ቶሎ አይወፍርም። ለእኛ አገር ቆላ የመጀመሪያው ጥቅም እውነተኛ ነው፤ ሁለተኛው ግን ውርጭ ለማያውቅ የአሶሳ ሰው ብዙም አይደለም።

እዚህ ላይ ሒሳብ ሠራሁ። ሲንተቲክ በጣም የሚወደሰው ረጅም ኪሎ ሜትር ስለሚያስኬድ ነው። በዓመት ሁለት ሺህ ለማይሞላ ሰው ያ ጥቅም የለም። እኔ በጠየቅኩበት ሱቅ ሲንተቲኩ የተራውን እጥፍ ነበር። ተራውን በየስድስት ወሩ፣ ሲንተቲኩን በዓመት አንዴ ብቀይር የዘይቱ ወጪ እኩል ለእኩል ይመጣል፤ የምተርፈው የአንድ ፊልትሮና የአንድ ቀን የጋራዥ ሂሳብ ነው። ውሃውን ግን ሲንተቲክም አያስቀረውም። ሁለቱም ቀን ይቆጠርባቸዋል።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሳቁ። "ዛሬ ውዱን ብትጨምር እኮ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ጭቃውን ይዞ ነው የሚደፋው። መጀመሪያ ተራውን እናድርግ፣ ሦስት ወር ንዳበት፣ እንደፋው፤ ከዚያ የፈለግከውን" አሉኝ። እንዳሉት አደረግን። ከሦስት ወር በኋላ ሲደፋ ጥቁር ነበር፤ ጭቃ ግን አልነበረውም። መጥቆሩ ራሱ ቆሻሻውን ተሸክሞ መውጣቱን ነው የሚናገረው። ከዚያ በኋላ ሲንተቲኩን ሞላን። እስካሁን አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም፤ ቀይዋ መብራትም ቁልፉ ሲዞር ብልጭ ብላ ወዲያው ትጠፋለች።

ስትገዙ ሁለት ነገር ብቻ እዩ። አንደኛ፣ በመኪናው መጽሐፍ ላይ ያለውን የውፍረት ቁጥር፤ "አገራችን ሞቃት ነው" ተብሎ ለሁሉም ሞተር ሃያ በሃምሳ አይደፋም። ሁለተኛ፣ ዕቃው ላይ የኤፒአይን ምልክት ፈልጉ። ለቤንዚን ሞተር የመጀመሪያው ፊደል ኤስ ነው፤ የሚከተለው ፊደል በእንግሊዝኛው ተራ በራቀ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው። ክዳኑ የተከፈተ ወይም ከበርሜል የተቀዳ ዘይት "ሲንተቲክ ነው" ቢሏችሁ ማረጋገጫ የላችሁም።

አሁን ወደ አገራዊው ጉዳይ።

እኔ የምኖረው ህዳሴ ግድብ ባለበት ክልል ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ መሠረቱ ሲጣል ከደመወዜ ቦንድ ገዝቻለሁ፤ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደ ሁላችሁም እንባዬ መጥቷል። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት። በዚህ ላይ ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ተወስኗል። ነገ በራሳችን ውሃ ኃይል የሚሄድ፣ የሞተር ዘይት የማያውቅ መኪና እንነዳለን። ደግ ነው፤ እኔም እጓጓለሁ።

እስከዚያው ግን አሮጌዎቹን የሚተካ አዲስ የነዳጅ መኪና አይገባም ማለት ነው። ያሉት መኖር አለባቸው። ሌሊት የታመመ ልጅ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። በየመሥሪያ ቤቱ ግቢ ነዳጅ ወይም በጀት ጠፍቶ ጎማቸው ተንፍሶ የቆሙትን መኪኖች አስቡ። መብራት ሲጠፋ ብቻ የሚፈለገውን የጤና ጣቢያ ጄኔሬተር አስቡ። "አልሠራም፣ ስለዚህ አላረጀም" ብለን የተውናቸው ናቸው። መጠባበቂያ የሚባል ነገር ደግሞ የሚፈለገው አንድ ቀን ነው፤ ያን ቀን ካልተነሣ ባይኖር ይሻል ነበር፣ ቢያንስ ሰው አይተማመንበትም።

ግድቡም ቢሆን ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም። ተርባይኑን የሚያዞረው ውሃ ነው፤ ውሃውን የሚያስገቡትን በሮች የሚከፍትና የሚዘጋው ግን በግፊት የሚሠራ ዘይት ነው። ከባዱን ዘንግ የተሸከመው ኩሽኔታም በዘይት ላይ ነው የሚኖረው። ተርባይኑ ቢቆምም ዘይቱ ይመረመራል፣ ውሃ ገብቶበት እንደሆነ ይታያል። እንዲያ የሚያደርጉ ባለሙያዎች እዚያው ጉባ ላይ አሉን። ያን ልማድ ነው ወደ ጤና ጣቢያውና ወደ ወረዳው ግቢ ማምጣት ያቃተን። ለምረቃ በጀት ይያዛል፤ ለዘይት ቅያሬ "ኪሎ ሜትሩ አልደረሰም" ይባላል።

እኔ ከኮፈኑ ሥር ነጭ ፕላስተር ለጥፌ ዘይት የተቀየረበትን ቀን ጽፌበታለሁ፤ ኪሎ ሜትሩን ሳይሆን ቀኑን። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ነዳጅ ከተገኘ ወደ ባምባሲ መንገድ ወጣ ብዬ ግማሽ ሰዓት አሞቃታለሁ። የጎረቤቴ ልጅ ከኋላ ተቀምጦ አብሮኝ ይሄዳል።

እናንተስ፣ ግቢያችሁ የቆመችው መኪና ዘይቷ መቼ ነው የተቀየረው? ከሥር ጻፉልኝ።